እናቴ አረቄ ትሸጣለች፤ እኔ ደግሞ መጠጥ አቁሜያለሁ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ32 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ እሠራለሁ፤ የሚከፈለኝም እንደ ሥራው በቀን ወይም በሳምንት ነው። አባታችን የሞተው ልጆች ሳለን ስለሆነ እናቴ ሦስታችንን ያሳደገችን አረቄ እያወጣችና ጠላ እየጠመቀች በመሸጥ ነው። የተማርነው በዚያ ገንዘብ ነው፤ ዛሬም ቤቱ የቆመው በዚያው ነው።

መጠጥ የጀመርኩት «እስቲ ቅመስልኝ፣ ወጥቶለታል?» ስትለኝ በመቅመስ ነበር። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ሳልጠጣ ያደርኩበት ቀን አልነበረም ማለት ይቻላል። ጠዋት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ አንድ መለኪያ ሳልል ሽቦ መያዝ አልችልም ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ አቆምኩ። ሦስት ቀን ላቡ፣ መንቀጥቀጡና እንቅልፍ ማጣቱ አልጋ ላይ ጣለኝ፤ ከዚያ አለፈልኝ። ፋሲካንም ሳልጠጣ ተሻገርኩ። አሁን ስድስት ወር ሊሞላኝ ነው።

ችግሬ ቤቱ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የፊት ለፊቱ ክፍል በጠጪ ይሞላል። እኔ የምተኛው ከዚያ ክፍል በመጋረጃ በተለየች ጓዳ ውስጥ ነው፤ የአረቄው ጀሪካንም የሚቀመጠው አልጋዬ ሥር ነው። ታላቅ ወንድሜ ከሥራ ሲወጣ ከደንበኞቹ ጋር ተቀምጦ ይጠጣል፤ ሞቅ ሲለው «ጻድቁ መጣ» እያለ ያሾፍብኛል። የሰኔ ሚካኤል ለት እናቴ ዝክር ነበራት። «ለበረከት ነው፤ ጠላ ደግሞ መጠጥ ነው እንዴ?» ብላ ጣሳውን ሰጠችኝ። እምቢ ማለት አቅቶኝ ይዤው ጓሮ ወጣሁና ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ የዝክር ጠላ መድፋቴ ይጸጽተኛል፤ ስደፋው ሽታው ልቤን እንዴት ሰቅዞ እንደያዘው ትዝ ሲለኝ ደግሞ እፈራለሁ።

እንቁጣጣሽና መስቀል እየመጡ ነው፤ እናቴ ከአሁኑ ጌሾ እያሰጣች ነው። ቤት ልከራይ ብል አቅሜ ገና ነው፤ ብወጣም «ጠላኸኝ» ነው የምትለኝ። ንግዱን ተዪ ልበላት? ወይስ ጥያት ልውጣ?

ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከደፋኸው ጠላ እንጀምር። የሚጸጽትህን ነገር ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ የእሳቸውን ቦታ እኔ አልወስድም። ግን ዝክር ላይ ዳቦውም፣ ንፍሮውም፣ ጸበሉም አለ፤ ጠላውን ያልቀመሰ ከበረከቱ ጎደለ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ከንስሐ አባትህ ጋር መነጋገርህ ሌላም ጥቅም አለው። አንተ ስትናገረው እናትህ «ልጄ ናቀኝ» የምትልበትን ቃል እሳቸው ሲናገሩት ትቀበለዋለች። «ይህ ልጅ ጠላም ቢሆን እንዳይሰጠው» ብለው በማኅበሩ ፊት አንድ ጊዜ ከተናገሩልህ፣ በየወሩ ከመከራከር ትድናለህ።

ሽታው ልብህን መያዙ ልትመለስ ነው ማለት አይደለም። አእምሮህ የአረቄን ሽታ፣ የመለኪያን ድምፅና የምሽት 12 ሰዓትን ከመጠጣት ጋር ለዓመታት አስተሳስሮ ኖሯል፤ ስድስት ወር ማሰሪያውን ያላላዋል እንጂ አይበጥሰውም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ሙሉ ጣሳ ይዘህ፣ ማንም በማያይህ ጓሮ፣ ብቻህን ነበርክ። ያን ቀን ደፋኸው፤ ደክሞህ ወይም ከወንድምህ ጋር ተጣልተህ ቢሆን ኖሮ ግን ምን ታደርገው እንደነበር አንተም አታውቅም። ከእንግዲህ ጣሳውን አትቀበል። እጅህ ላይ ካስቀመጡት ደግሞ አጠገብህ ላለው ሰው አሳልፈው፣ ወይም እዚያው አስቀምጠህ ተነሥ። ይዘኸው ከሰው አትራቅ።

«ጠላ መጠጥ ነው እንዴ?» የምትለው እናትህ ብቻ አይደለችም፤ ከአረቄ የሸሸ ስንቱ ሰው በዚህ በር ተመልሶ ገብቷል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። የጠላ ጥንካሬ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ቀለል ያለው ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ አልኮል ሲይዝ፣ ጠንካራውና ፍልተሩ 5 እና 6 ይደርሳል። አራት እጅ የሚይዝ ጠላ በግማሽ ሊትር ጣሳ ብትጠጣ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ጠጣህ ማለት ነው። ዳግም አረቄ ከመቶ 45 እጅ አካባቢ ስለሚይዝ፣ 40 ሚሊ ሊትር በምትይዝ መለኪያ ውስጥ 18 ሚሊ ሊትር አለ። ስለዚህ ሙሉ ጣሳ ጠላና አንዲት መለኪያ አረቄ ለሰውነትህ ያው ናቸው። ለእናትህ ግን መቶኛ አትቁጠርላት። «እማዬ፣ ጠላውም ያው ወደ አረቄው ይወስደኛል» ካልካት ይገባታል፤ ሁለቱም ከአንድ ጌሾና ብቅል እንደሚነሡ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ንግዱን ተዪ ልበላት ወይ ላልከው፣ ዛሬ ባትላት ይሻላል እላለሁ። ሌላ መተዳደሪያ ሳይኖራት ይህን ብታነሣ ትርፉ ጭቅጭቅ ነው፤ ጭቅጭቁ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው አንተን ነው። በዚያ ላይ እናንተን ያሳደገችበትን ላብ እንዳፈርክበት ትቆጥረዋለች። ከእሷ የምትፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው። ጀሪካኑ ከአልጋህ ሥር ይውጣ። በዚያ ቤት ማንም ሰው፣ እሷም ብትሆን፣ አረቄም ጠላም አይስጥህ፣ አያስቀምስህም። አንተም ከምሽቱ ሽያጭ ውጣ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቅ፤ በዚያ ቀን አራተኛ አትጨምር።

የምትጠይቅበትን ሰዓት ምረጥ። ደንበኛ ባለበት ምሽት፣ ወይም ድፍድፉ እሳት ላይ ተጥዶ ስትጣደፍ፣ መልሷ ቁጣ ነው የሚሆነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ፈልቶ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ጥሩ ነው፤ ወንድምህ ባይኖር ይመረጣል። ከምስጋናው ጀምር፦ «እማዬ፣ በዚህ ሥራ ነው ሰው ያደረግሽኝ። እኔ ግን ታምሜ ነበር፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተሻል። ዳነልኝ ብለሽ እንድታይኝ ሦስት ነገር እርጂኝ።» እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። መጠጥ ማቆምህን እናትህ እንዴት ነው የምታየው? ለጾሙ ነው ብላ ጾሙ ሲያልቅ የሚያልቅ መስሏት ይሆን? ብዙ ሰው በዐቢይ ጾም ያቆምና በፋሲካ ይመለሳል፤ ጎረቤትም ዘመድም ይህን ለምዷል። «ለጾሙ ነው» ብለህ ጀምረህ ከነበረ፣ አሁን ለዘለቄታው መሆኑን በግልጽ ያልሰማች ልትሆን ትችላለች።

ጀሪካኑን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የነበረ ሰው ካቆመ በኋላ እንቅልፉ እስኪስተካከል ወራት ይወስዳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነቅተህ ስትገላበጥ «አንድ መለኪያ ብቻ፣ ለእንቅልፍ» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ በዚያ ሰዓት ከሐሳቡ እስከ አፍህ ያለው ርቀት አንድ ክንድ መሆን የለበትም። ጀሪካኑ ማድቤት ይግባ፤ በሩ ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፉም እናትህ መቀነት ላይ ይታሰር። «አላመንሽኝም ማለት ነው» ብለህ አትከፋ፤ ጠያቂው አንተ ነህ። መጋረጃው ደግሞ ድምፅም ሽታም አያቆምም። አንተ ባለሙያ ነህ፤ ለአንድ አናጢ የቤቱን መብራት ሠርተህለት እሱ ደግሞ ቀለል ያለ በር ከነመቀርቀሪያው ይገጥምልሃል። ጓዳህ በጓሮ በኩል መውጫ ሊከፈትለት የሚችል ከሆነ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ ማታ ስትገባ በጠጪዎቹ መሀል ማለፍ ይቀርልሃል። በሩ እስኪሠራ ድረስ መጋረጃው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ደርብበት፤ መቼም ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ አይጠፋም።

አሁን ሥራው። ቤት ውስጥ እያለህ እጅህን አጣጥፈህ መቀመጥ እንደማትችል አውቃለሁ፤ ብትቀመጥም «ኮራብን» መባል ይመጣል። ስለዚህ አልኮል የሌለበትን የሥራ ክፍል ውሰድ። እንጨት ፍለጥ፣ ውኃ ቅዳ፣ ገብሱንና ጌሾውን ገዝተህ አምጣ፣ ብቅሉን ወፍጮ ቤት አድርስ። ጥንስሱ ከተጣለ በኋላ ያለውን ግን ለሌላ ሰው ተው። ድፍድፉ ሲገላበጥ፣ አረቄው ሲወጣ፣ ጀሪካን ሲሞላ አትቁም። አረቄ በሚወጣበት ቀን በተለይ ከግቢው ራቅ፤ ማድቤቱ በእንፋሎቱ ሲታፈን ሽታው ልብስህ ላይ ያድራል። መለኪያ ማጠብም ቀላል ሥራ ይመስላል እንጂ ታቹ ላይ የቀረችው ጠብታ ስንቱን ፈትናለች። አተላውም ለከብት የሚሰጥ ነው ተብሎ አይናቅ፤ ሽታው ያው ነው። ቅምሻው ደግሞ ጨርሶ የተዘጋ ይሁን። መጠጥ የገባህ በቅምሻ እንደነበረ ራስህ ጽፈሃል። እናትህ ወጥቶለት እንደሆነ ራሷ ታውቀዋለች፤ ካስፈለጋትም ቀማሽ ጎረቤት አይጠፋም። ያንተን ምላስ የምትጠይቀው ከልማድ ነው።

ምሽቱን በሰዓት ከፋፍለው። ሥራ የምትጨርሰው 11 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ሽያጩ የሚጀምረው 12 ላይ፣ የሚበተነው ደግሞ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ፈታኙ ጊዜ ይህ ሦስትና አራት ሰዓት ነው። ከሥራ ወጥተህ በቀጥታ ወደ ቤት አትግባ፤ በመጀመሪያ ብላ። ረሃብና አምሮት ሆድ ላይ ተመሳሳይ ሆነው ስለሚሰሙ ብዙ ሰው እንጀራ የፈለገ ሆዱን በአረቄ ይመልሰዋል። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ደግሞ ስታፈጥር ጠገብ ብለህ ብላ፤ ማታ ድረስ እንዲይዝህ ኪስህ ውስጥ ቆሎ አይለይህ። ከዚያ የምትቀመጥበት ቤት ያስፈልግሃል። አክስት፣ ያገባች እህት፣ የማይጠጣ ጓደኛ፣ የሰርክ ጉባኤ፣ ማታ የሚያስተምር ኮሌጅ፣ ምንም ይሁን። ግን በሳምንቱ ለእያንዳንዱ ምሽት የት እንደምትሆን እሑድ ማታ ላይ ጻፈው። «የሚመች ቦታ እሄዳለሁ» ያለ ሰው ዝናብ የጣለ ለት ቤቱ ውስጥ ነው የሚገኘው።

የቀን ክፍያህ ሌላው ወጥመድ ነው። ጥሬ ብር ኪስህ ይዘህ፣ ደክመህ፣ ርቦህ፣ በምሽት 12 ሰዓት ወደ አረቄ ቤት ስትገባ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ተገጣጠመ ማለት ነው። ገንዘቡን እዚያው በስልክህ ወደ ባንክ አስገባው፤ ወይም ሳምንታዊ ዕቁብ ግባ። ዕቁቡ የሚወጣው መጠጥ ቤት ከሆነ ግን ሌላ ፈልግ።

አምሮቱ ድንገት ሲመጣብህ እንደማያልፍ ሆኖ ነው የሚሰማህ። ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ጠንክሮ ይረግባል፤ ያንን ጊዜ ማሳለፍ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። ሰዓትህን እይ፤ ከክፍሉ ውጣ፤ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ጠጣ ወይም ስኳር ጠንከር ያለ ሻይ አፍላ፤ በፍጥነት ተራመድ፤ ለአንድ ሰው ደውል። የምትደውልለትን ሰው ግን ዛሬ ምረጠው፤ አምሮት ላይ ሆነህ ስልክህ ውስጥ ስም ብትፈልግ የምታገኘው የጠጪ ጓደኛህን ነው። «ሲከብደኝ እደውልልሃለሁ፤ ምክር አትስጠኝ፣ ዝም ብለህ አጫውተኝ» ብለህ አስቀድመህ አስማማው። ስለ ብርዱም አንድ ነገር ልበል። ከተማህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ «ለብርዱ» የሚለው ግብዣ ክረምት ከበጋ አያቋርጥም። አረቄ ደም ወደ ቆዳ እንዲወጣ ስለሚያደርግ የሞቀህ ይመስልሃል፤ ሰውነትህ ግን ሙቀቱን ወደ ውጭ እያስወጣ ነው። ካፖርትና ትኩስ ሾርባ ይሻልሃል።

በአረቄው ምትክ ጫት አትያዝ። ብዙዎች «ቢያንስ አልጠጣሁም» ብለው ይጀምሩና ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክላቸው ለጨብሲ ወደ መጠጥ ይመለሳሉ። የቢራ ጠርሙስ የሚመስል፣ ቢራ ቢራ የሚሸት አልኮል አልባ መጠጥም ለመጀመሪያው ዓመት ባይለመድ እመርጣለሁ፤ እጅህና አፍንጫህ ልዩነቱን አያውቁትም።

ለሚጋብዝህ ሰው የምትሰጠው መልስ አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ለአንድ ለት ያድናል፤ በሳምንቱ ግን «አልጨረስክም?» ይመጣል። «አልጠጣም፤ አይስማማኝም» በል፤ «በሞቴ» ሲልህ «ሞትህን አያሰማኝ፤ አምቦ ካለ እሱን ስጠኝ» በለው፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲደግም ሳትቆጣ ከቦታው ተነሥ። ማብራራት ከጀመርክ ሙግት ከፍተሃል ማለት ነው፤ ሞቅ ካለው ሰው ጋር ደግሞ ሙግት አይረታም። ከፊትህ ያለው ብርጭቆም ባዶ አይሁን፤ ባዶ ብርጭቆ ያየ አስተናጋጅ ሳይጠይቅ ነው የሚቀዳው።

በዓሉን በተመለከተ፣ እናትህ አሁን ጌሾ እያሰጣች ከሆነ ጊዜ አለህ። ስትጠምቅ ላንተና ለማይጠጣ እንግዳ የሚሆን ብርዝ እንድታዘጋጅ ጠይቃት። ብርዝ ማሩ በውኃ ተበጥብጦ በዕለቱ ሲጠጣ ነው ብርዝ የሚባለው፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ጠጅ ነው። ስለዚህ በበዓሉ ጠዋት ይበጥበጥ፣ የተረፈውም ማታ ይደፋ። ከሪቦም ላንተ አይሆንም፤ በእርሾ ስለሚዘጋጅ ጥቂትም ቢሆን አልኮል ያወጣል፣ በቆየ ቁጥርም ይጨምራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የቅርጫው ጠዋት ነው፤ በሬው ታርዶ ጉበቱ ሲቀርብ በባዶ ሆድ አረቄው ይዞራል። ድርሻህን ወንድምህ ያምጣው፤ ወይም መደቡ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ሄደህ ሥጋህን ብቻ ይዘህ ና። የደመራው ለት ደመራው እስኪወድቅ ቆይ፤ ከዚያ በኋላ ወደ የቤቱ የሚደረገውን ዙረት ተወው። የዋዜማውንና የበዓሉን ሌሊት የት እንደምታድር ከአሁኑ ወስን። እናትህ ቅር እንዳትሰኝ ምሳውን ከእሷ ጋር ብላ፣ ቡናውን ጠጣ፣ ከዚያ ሂድ።

ልውጣ ወይ ላልከው፣ አዎ፣ መውጣት አለብህ እላለሁ፤ ግን እንደ ሸሸ ሰው በችኮላ አይሁን። አሁን ያገኘኸውን ርካሽ ክፍል ብትከራይ ግቢው በጠጪ የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ ብቸኝነቱም ለስድስት ወር ሰው ከባድ ነው። ከተቻለ ከማይጠጣ የሥራ ጓደኛ ጋር ክፍል ተጋራ። ሦስት ወር ኪራይ እስክታጠራቅም ድረስ ከላይ ያልኩትን አድርገህ ቆይ። ለእናትህም ከአሁኑ ቀን ቁረጥላት፦ «እስከ ጥምቀት ድረስ ቤት እይዛለሁ፤ እሑድ እሑድ ካንቺ ጋር ነኝ፤ እንጨቱንም እኔ ነኝ የምፈልጠው።» ቀንና ሥራ የያዘ ንግግር «ጠላኸኝ» ለሚለው ቅሬታ ብዙ ቦታ አይተውም። ነገር ግን የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩብህ ሦስት ወሩን አትጠብቅ፤ ያለ ምክንያት ጠጪዎቹ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ከጀመርክ፣ የምትውልበትን መደበቅ ከጀመርክ፣ ወይም «አንድ ብቻ» የሚለው ሐሳብ በየቀኑ ከመጣብህ፣ በዚያው ቀን የአክስትህ ቤት ወለል ላይም ቢሆን እደር።

ድንገት ብትጠጣስ? መለኪያዋን ጨርሰህም ቢሆን አቁም፤ ከቤት ውጣ፤ ለዚያ ሰው ደውል። በማግስቱ ለማርከሻ ብለህ አትድገም፤ መመለስ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከማርከሻው ነው። ደግሞም ሰውነትህ የድሮውን መጠን ከለመደ ስድስት ወር አልፎታል፤ ያን ጊዜ የምትችለው ብዛት አሁን ራስህን ሊያስትህ ይችላል። በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሥራም አትግባ።

ሐኪም አየህ ወይ? በደብዳቤህ አላነሣኸውም። ከተማችሁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄደህ «ስድስት ወር ሆኖኛል፣ የምኖረው አረቄ ቤት ነው» ብለህ ንገራቸው፤ አዲስ አበባ መሄድ ከቻልክም አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። አምሮትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። ጸበል የምትጠመቅ ከሆነም ተጠመቅ፤ ሐኪም ያዘዘልህን ግን ሳታማክር አታቋርጥ። ዳይሰልፊራም የሚባለውን ክኒን በሚመለከት ግን ተጠንቀቅ፤ የወሰደው ሰው ትንሽ አልኮል ከቀመሰ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ ለሕይወትም ሊያሰጋው ይችላል። የሚሰጠው ሰውየው አውቆና ተስማምቶ፣ ልቡና ጉበቱ ከታዩ በኋላ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ለጠጪ ልጁ በወጥ ደብቆ ሊሰጠው ያስባል፤ ይህ ፈጽሞ አይደረግም።

ይህን የጻፍኩት ወንድምህንም አስቤ ነው። ሹፈቱን አትመልስለት፤ ማንም ሲያቆም አጠገቡ ያለ ጠጪ ሰው የራሱን መለኪያ መቁጠር ይጀምራል፣ ያ ደግሞ ያሳክካል። ጠዋት ሳይሰክር ስታገኘው «እንደፈለግህ ቀልድብኝ፤ ብቻ አትቅዳልኝ» በለው። አንድ ቀን ደግሞ «እንዴት አድርገህ ነው ያቆምከው?» ብሎ ሊጠይቅህ ይችላል። ያኔ አንተ ባደረግህበት መንገድ፣ ቤት ተኝቶ እንዳያቆም ንገረው። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም መንቀጥቀጡና ላቡ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። አንተ በሦስት ቀን መገላገልህ ዕድል ነው፤ ሰው ደጋግሞ እየጀመረ ደጋግሞ ባቆመ ቁጥርም ሕመሙ ይብስበታል እንጂ አይቀልለትም። ስለዚህ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያን ቀን በራስህ ውሳኔ መጠጥ አትከልክለው፤ ይዘኸው ሆስፒታል ሂድ፣ መጠጡን የሚያቆምለት ሐኪሙ በሚሰጠው መድኃኒት እየተደገፈ ይሁን፤ አንተም የምሽቱን ሽያጭ ለእናትህ ትተህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጠገቡ እደር።